ጋቢናዬን ለላፕቶፕ?

በእኛ አገር ጋቢና የዕድሜ ነው። በሕግ አልተጻፈም፤ የትራፊክ ፖሊስም አያስከብረውም። ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ሾፌሩ መሪውን ይይዛል፤ ከጎኑ ደግሞ በዕድሜ የገፋው፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው፣ መንገዱን የሚያውቀው ሰው ይቀመጣል። እኔ ሦስቱንም አሟልቻለሁ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጉልበቴ ከማማ ምድር ዳገት ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ መንገዱን ደግሞ ኮረኮንች ከነበረበት ዘመን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታዲያ በስተርጅና ጋቢናዬን ማን ቢወስደው ጥሩ ነው? ላፕቶፕ!

ነፍሰ ጡር ብትሆን በደስታ ወደ ኋላ አልፍላት ነበር። የታመመ ቢሆን ደግፌ አስገባው ነበር። ይህ ግን አልታመመ፣ አላረገዘ፤ ዕድሜው የልጅ ልጄን ያህል እንኳ አይሆንም። እሱ ክዳኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ሲንፈላሰስ፣ እኔ ከጤፍ ኬሻና ከስኳር ጋር ከኋላ ታጭቄ ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ እንገላታለሁ።

ጥፋቱ የሁለት ወጣቶች ነው። አንደኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ቅየሳ ተምሮ በየገደሉ የሚንከራተት፣ ቢጫ የእጅ ጂፒኤስ ከኪሱ የማይለየው። ሁለተኛው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ኖሮ የመጣ፣ ላፕቶፕ ካልተከፈተለት የግቢያችን በር የሚጠፋው። ሁለቱም ይወዱኛል፤ "ጋሼ" ሲሉኝ ልቤ ይራራል። መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን ይረሱኛል። "በእጅ የሚያዘው ይሻላል፣ ላፕቶፑ ይሻላል" የሚለው ክርክር ለገጣፎ ላይ ይጀመርና ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፎ ጫጫ ሲደርስም አያልቅም። እስከዚያ ድረስ ያለው እኮ አንድ አስፋልት ነው፤ ፊት ለፊት መንዳት ነው። ምኑን እንደሚመሩት እስካሁን አልገባኝም።

ላፕቶፑ ብቻውን ቢመጣ ደግ ነበር፤ ጓዝ አለው። ራሱ ሰማዩን መስማት ስለማይችል የመኪናው መስታወት ሥር የምትቀመጥ፣ ሽቦዋ የተንጠለጠለ መቀበያ ያስፈልገዋል። ባትሪው ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ስለሚደክም፣ ከሲጋራ መለኮሻው 12 ቮልት ተቀብሎ ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር ይፈልጋል፤ ኢንቨርተሩ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ሲያፏጭ ይሄዳል። ከሁሉ የባሰው ጓዙ ሰው ነው። ሾፌር ስክሪን እያየ በመንዝ አፋፍ አይነዳም፤ ስለዚህ ላፕቶፑን የሚያቅፈው፣ የሚያነበው፣ ፀሐይ ስታበራበት በጃኬት የሚያጠላለት ሎሌ ያስፈልጋል። መንገድ ሊመራ የመጣ መሣሪያ ሽቦ፣ ፉጨትና ሎሌ አስከትሎ ጋቢና ይገባል። የድሮ ደጃዝማች እንኳ ለመንገድ መሪው ይህን ያህል አጃቢ አልመደበም።

አንድ ውለታውን አልክድም፤ ታፋ ያሞቃል። የመንዝ ጓሳ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ "እንግዲያው እኔ ልቀፈውና ጋቢና ልግባ" ብያቸው ነበር። "ጋሼ፣ ቁልፎቹን ይነኩብናል" ተባልኩ። እኔ! አፍሪካን በጠመኔ፣ ደብተር ሳልገልጥ፣ ከነማዳጋስካሯ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው! ታፋ ማሞቅ ከሆነ የመንዝ ባናም ያሞቃል፤ ኢንቨርተር አይጠይቅም።

በዚያ ላይ አገራችንን አይችላትም። ከኋላ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ የመመሪያ ደብተሩን አነበብኩት። ብዙ ላፕቶፖች የሚሠሩበት የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው፤ 10,000 ጫማ ማለት ነው። ምክንያት አለው። በአሮጌዎቹ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አለ፤ የሚያነበው ራስ ዲስኩን ሳይነካ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ኮረኮንች ሲያንገጫግጨው ደግሞ ዲስኩን ይቧጭረዋል። የጓሳ ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እንግዲህ ላፕቶፑ በገዛ አምራቹ ቃል መንዝ እንዳይገባ ተከልክሏል። በዚህ ከፍታ ገብስ ያፈራል፣ ጭላዳ ይጋልባል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፣ ሽማግሌ ከነምርኩዙ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ዲስክ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። የወንድሜ ልጅ "የኔ የሚሽከረከር ነገር የለውም ጋሼ፣ ኤስኤስዲ ነው" ይላል። ይሁንለት፤ ስስ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድምና ከአዲሶቹም ብዙዎቹ ላይ ያው ቁጥር ተጽፏል። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ አሳየሁት። "ጋሼ፣ ይህን የሚያነብ ሰው የለም" አለኝ። መምህር ፊት ይህ ይባላል?

ካርታውስ? በላፕቶፕ እየተመሩ መንዳት በአሜሪካ ወግ የነበረ ነገር ነው። የማይክሮሶፍት "ስትሪትስ ኤንድ ትሪፕስ" የአሜሪካንና የካናዳን ጎዳና ሰብስቦ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቋረጠ። እዚያ መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር አለው። ወደ አፍሪካ የሚዘልቁ መንገደኞች ግን የሚገዛ ካርታ ሲያጡ "ኦዚኤክስፕሎረር" የተባለ የአውስትራሊያ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ የወረቀት ካርታ በስካነር ያነሣሉ፤ ጥግ ጥጉን በኬክሮስና በኬንትሮስ ይቸነክሩታል። የወንድሜ ልጅም እንዲሁ አድርጎ የሶቪየት ጦር ያዘጋጀውን 1፡200,000 ካርታ ጭኖ መጣ። ካርታው በሩሲያ ፊደል ነው፤ ልጁ ሩሲያኛ አያነብም። ከጋቢና ዞሮ "ጋሼ፣ ይቺ ሞላሌ ትሆን?" ይለኛል። ጋቢናውን ነጥቆኝ፣ መልሶ እኔኑ! "መስታወቱን ዝቅ አድርግና እረኛውን ጠይቀው" አልኩት።

የእህቴ ልጅ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ጠባይ አለው። ጋርሚን ኢትሬክስ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ የወጣው ቢጫው ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሁለት ድንጋይ ይሠራል። አምራቹ 22 ሰዓት ይቆያል ይላል። የእኛ ብርድ ድንጋይ ያደክማልና ልጁ መለዋወጫውን ብብቱ ሥር አሙቆ ይዞ ይሄዳል። ድንጋይ ደግሞ ሬዲዮ ባለበት አገር አይጠፋም። መሣሪያው የመንገድ ካርታ የለውም፤ ያለው ቀስት ነው። እስከ 500 ነጥብ ትመዘግብለታለህ፤ እሱም "በዚህ በኩል ነው፣ ይህን ያህል ይርቃል" ይላል። ጉም ሲወርድ በመጣህበት ዱካ መልሶ ይወስድሃል፤ ጓሳ ላይ በእግሩ ጉም የያዘው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሌላም የምወድለት ነገር አለ፤ መግነጢስ ስለሌለው ለቆመ ሰው አቅጣጫ አይናገርም። ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው ወዴት እየሄድክ እንደሆነ የሚያውቀው። መጀመሪያ ተራመድ፣ ከዚያ ጠይቅ፤ ተማሪዎቼን ስነግራቸው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ከሁሉ በላይ ዳሽቦርድ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወንበር አይሻማም።

በከፍታ ልኬት ግን ሁለቱም አይታመኑም። ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ቦታን ከሚለካው ባነሰ ጥራት ነው፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራሳችን በላይ እንጂ ከእግራችን ሥር ስለሌሉ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ልክ ይዋልላል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ወጣቶች መኪና አስቁመው፣ በነፋስ መሐል፣ የቆምንበት ጉብታ ስንት ሜትር እንደሆነ ተጨቃጨቁ። አንዱ ይህን ያህል ነው ይላል፣ ሌላው ሠላሳ ሜትር ቀንስ ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ በጥርሴ መንቀጥቀጥ ለካሁት፤ ከበቂ በላይ ከፍ ይላል።

መምህር ነኝና አንድ ክፍለ ጊዜ ታገሡኝ። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚያዳምጡት አንድ ነገር ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን የሚዞሩ ከ24 ያላነሱ የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን እየጠሩ ያልፋሉ። መቀበያው መልእክቱ የዘገየበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ቦታህን ለማወቅ ሦስት ይበቁ ነበር፤ አራተኛው የሚያስፈልገው የመቀበያህን ርካሽ ሰዓት ለማረም ነው። እላይ ያሉት ሰዓቶች ደግሞ አይንስታይን ባለው ሕግ መሠረት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ፤ ባይታረሙ ስሕተቱ በቀን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። እነሱ ለማይክሮ ሰከንድ ይጨነቃሉ። እኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሳል የተባለ አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ሲነሳ "ዛሬስ ቶሎ ሄደ" እንላለን።

ጂፒኤስ ሲጀመር የጦር ሠራዊት ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ በሶቪየት ተዋጊ ጄት ከተመታ በኋላ ነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ለሰላማዊ ሰውም ይከፈታል ያሉት። ሲከፈትም ሲቪሉ የሚሰማው መልእክት ሆን ተብሎ እስከ 100 ሜትር ድረስ እንዲሳሳት ተደርጎ ነበር። ያን ያስቆሙት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው፤ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.። ከዚያ ቀን ወዲህ የእጅ ጂፒኤስ የትኛው ማሳ ላይ እንደቆምክ ያውቃል። ማሳው የማን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ መንዝ ውስጥ ሰው የሚካሰሰው ደግሞ በሁለተኛው ነው።

ክሊንተን ያስቆሙት ስሕተት ሲቀር የእኛ ተተካ። የካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተማቸው 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር፣ ዓባይ ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ ሲጠና ቅየሳው ከዚያ ወዲህ እየተሳበ እኛ ጋ ደረሰ። መንደሩ ዛሬ የለም፤ የአስዋን ግድብ ውኃ ውጦታል። ጂፒኤሱ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ከሚባል ሌላ መነሻ ይቆጥራል። ሁለቱን ሳታስማማ የጂፒኤሱን ቁጥር በካርታው ካሬ ላይ ብታስቀምጠው ነጥቡ 200 ሜትር ያህል ይሸሻል። ሜዳ አገር ይህ ምንም አይደለም። እኛ ዘንድ ግን አፋፍ ላይ መቆምና ገደል ሥር መገኘት ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ያውቃል፤ አስማምቶ ይነሳል። የወንድሜ ልጅ ግን ሩሲያኛው ሲሰለቸው የእኛኑ ካርታ ጭኖ፣ ሳያስማማ፣ "ጋሼ፣ ገደል ውስጥ ነን!" አለኝ። መቁጠሪያዬን አወጣሁ። ጥቂት ጸልዬ በመስኮት ባይ አስፋልት ላይ ነን።

ቀስቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ከመሐል ሜዳ ተነስተህ "ወደ ዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ" ብትለው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይጠቁማል፤ ቀጥታ በአየር ከተለካ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመሐል ግን አዳባይና ወንጭት የቆፈሩት ሸለቆ አለ። ለብዙ ዘመን የለመድነው የመኪና መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሶ፣ ወደ አዲስ አበባ ግድም ወርዶ፣ በሙከጡሪና በለሚ ዞሮ፣ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶ ነው። የቀስቱን መንገድ መከተል የሚችለው ጭላዳ ብቻ ነው፤ እሱም ነዳጅ ስለማያወጣ።

የሁሉንም ጉድ የሚያወጣው ጣርማ በር ነው። ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ከደሴው መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው፤ ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ በፊት ወደ ግራ ይታጠፍና ወደ መዘዞ ያመራል። መታጠፊያዋን የሳተ ሰው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል። የሳተላይት መልእክት ተራራ አይበሳም። ስለዚህ "ስተሃል" ሊልህ በሚገባበት ሰዓት መሣሪያው ይደነቁራል፤ ሲነቃ የደብረ ሲና ቁልቁለት ተጀምሯል። ጉም ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ጉም ለሳተላይት መልእክት ምኑም አይደለም፤ አልፎ ይመጣል። እናም መሣሪያው መንገዱን ጥርት አድርጎ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ የገዛ ኮፋኖውን አያይም፤ ወጣቶቹ "መቶ ሜትር ቀረን"፣ "አልፈነዋል" እየተባባሉ ይሟገታሉ። ያኔ "ግራ!" ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ከጤፍ ኬሻው ላይ ሆኜ። የዳገቱን ማለቅ በወገቤ አውቀዋለሁ።

ስልክ አለ የሚሉም አሉ። አዎ፣ ስልክም ጂፒኤስ አለው። ካርታውን ግን ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ቀድሞ ያላወረደ ሰው ባዶ ነጭ ሜዳ ላይ የተተከለች ሰማያዊ ነጥብ ታፍጥበታለች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ሲቆይ ይህን በደንብ ተምረናል። ያን ጊዜ ቢጫው ሁለት ድንጋዩን ጎርሶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሠራ ነበር። ከስልክ ውስጥ የምትናገረዋን ሴትዮ ደግሞ አልወዳትም። በእንግሊዝኛ ታዛለች፤ ስታሳስት ይቅርታ አትልም፤ እንደ አዲስ አስልታ ሌላ ትእዛዝ ትሰጣለች።

ሰው መጠየቅ ይሻላል ስል የሰው ምሪት እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የመንዝ ሰው "ቅርብ ነው" ካለህ በሶህን አስበጥብጥ። "እዚያች አስታ ጋ ስትደርስ" ካለህ አስታዋ ከተቆረጠች ዐሥር ዓመት ሆኗት ይሆናል። ሆኖም ሰው የሚነግርህን መሣሪያ አያውቀውም። ሌሊት ዘንቦ ወንዙ መሙላቱን፣ ገበያ ቀን ስለሆነ አህያና በግ መንገዱን መዝጋቱን፣ እዚያ ማዶ ቤት ለቅሶ ስላለ ሳትደርስ ማለፍ ነውር መሆኑን የሚነግርህ ሰው ነው። የጓሳን ድንበር አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የሣር ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ የያዙት ምልክት ጅረትና አለት ነው፤ ሣሩ መቼ እንደሚከለከል፣ መቼ እንደሚታጨድ በቃል ይታወቅ ነበር። ጂፒኤስ ነጥቡን ይነግርሃል። ነጥቡ ላይ ከብት ብታሰማራ ማን እንደሚቀጣህ ግን የሚነግርህ የአገሩ ሰው ነው።

ስለዚህ ምርጫዬን መዝግቡልኝ፤ ቢጫው ይሁን። ብዙ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ጥቂት ስለሚያውቅ ነው። መሣሪያው ካርታ ስለሌለው የያዘው ሰው ዓይኑ ውጭ ነው፤ መስታወት ዝቅ ያደርጋል፤ "እንደምን ዋላችሁ፣ በየት ይሻላል?" ይላል። ላፕቶፑ ሁሉን አሳያለሁ ስለሚል አንገት ያስደፋል። የወንድሜ ልጅ ጓሳን ከዳር እስከ ዳር እንዳቀረቀረ አቋርጦ መሐል ሜዳ ሲደርስ፣ "ጋሼ፣ ጭላዳ የሚታየው የት ነው?" አለኝ። ሾፌራችን ፍሬን የያዘው፣ እኔም ከስኳሩ ጋር የተጋጨሁት፣ መንጋው መንገድ ሲያቋርጥ ነበር።

ላፕቶፑን ጣሉት አላልኩም። ከኋላ፣ ከጤፉ ጋር ይጫን፤ ማታ ቤት ስንገባ ይከፈትና የዋልንበትን መስመር በሰፊው ያሳየን፤ ለዚያ ማለፊያ ነው። ቢጫው ዳሽቦርድ ላይ ይሁን፤ መነሻው ከካርታው ጋር ይስማማ፤ መለዋወጫ ድንጋይ አይጥፋ። ጣርማ በር ላይ ሁሉም ዝም ብሎ እኔን ይስማ።

የመድረሻ ሰዓት የሚያሰላ ሁሉ ደግሞ ሒሳቡን ያርም። ላፕቶፑ "በ8 ሰዓት ከ20 ትገባላችሁ" የሚለው ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ ነው። መዘዞ ላይ ዘመድ እንዳለን አያውቅም። ያን ዘመድ ወርደህ ካልሳምክ ዓመት ሙሉ ትወቀሳለህ። ከወረድክ ቡና ይፈላል። ቡና ከፈላ ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትነሳም። ስትነሳ ደግሞ "መንገዳችሁ ነውና እኚህን እናት ሞላሌ ጣል አድርጉልን" ትባላለህ፤ እኚህ እናት አንድ በግና ሁለት ዶሮ አላቸው። ይህን ሁሉ ደምሮ፣ በጉ የሚያመልጥበትን ጊዜ ጨምሮ፣ የምንገባበትን ሰዓት በትክክል የሚነግረኝ መሣሪያ ከመጣ፣ ላፕቶፕም ቢሆን ጋቢናውን በእጄ ከፍቼለት ከበጉ ጋር ከኋላ እቀመጣለሁ።